ሰው ነው ብለህ ጩህ

ጥቅምት 24 ቀን 1989፣ እሑድ ማታ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ደብተሩ ከስምንተኛ ክፍል የተረፈኝ የሳይንስ ደብተር ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአበባ ክፍሎች ተስለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርትና እኔ ተለያይተናል።

ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ ሲወጣ ያለው ሜዳ፣ የኦቦ ዋቅቶላ የጤፍ ማሳ ዳር፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ቆቅ የምናድንበት ነው። የማንም አይደለም፤ ስለዚህ የእኛ ነው። ዛሬ ስንደርስ ነጭ ፒክአፕ ቆሞበታል። አጠገቡ አቶ ማኑሄ የሚባል የጎፋ ነጋዴ፦ አዲስ ቦት ጫማ፣ አዲስ ጠመንጃ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይተኩሳል። ወፍ ሲጮህ ይተኩሳል። ሆዱ ቢጮህበት እግሩን የሚመታ ሰው ነው።

የእኛ አደን ሥርዓት አለው። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ከበበው ማለቴ ነው፣ የአባታችንን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ይዞ ጀርባውን ለግራር ግንድ ሰጥቶ ይቀመጣል። እኔ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ እንደ ቆቅ እጮሃለሁ። ከቆቅ እኔ እበልጣለሁ፤ ቆቆቹም ያውቁታል። ቆቋ ተመትታ ስትወድቅ እኔና ጓደኛዬ ሸምሱ ካራ ይዘን እንሮጣለን። ነፍሷ ሳይወጣ እኔ ከደረስኩ በስመ አብ ብዬ አርዳለሁ፣ ለእኛ ቤት ትሆናለች። እሱ ከቀደመ ቢስሚላህ ይላል፣ እናቱ እትዬ ዙሌካ ወጥ ትሠራባታለች። ሁለታችንም ካልደረስንባት በክት ናት፤ ለጅብ። ስለዚህ ሩጫው የምር ነው። እግሩን እጠልፈዋለሁ፤ እሱም ኮቴን ከኋላ ይጎትታል።

ዛሬ ገና መጮህ ስጀምር ከላያችን የግራር ቅጠል ረገፈ። ማኑሄ ተኩሶብናል። ጋሼ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ጌታው፣ እዚህ ሰው አለ» አለው።

«እኔ ወፍ ነው የሰማሁት» አለ ሰውየው። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ፎጣውን አስተካክሎ ሄደ።

ወፍ ነው የሰማሁት! ቆይ ብቻ።


ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ጋሼ ከእሑድ ወዲህ ሕጉን ደጋግሞ ያነብብልናል። የሚሮጥ ሰው ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል። ከመነሣቱ በፊት ቆሞ «ሰው ነው!» ብሎ ይጮሃል። ድምፅ ብቻ ተሰምቶ አይተኮስም። ጋሼ ወታደር ነበር። ጦር ሜዳ አንድ ጓደኛው ውሃ ቀድቶ ሲመለስ የይለፍ ቃሉን ሳይናገር መጣና የራሳቸው ዘብ ገደለው። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲነግረኝም ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ማሰሩን ጨርሶም አልተነሣም።

ይሁን። ግን ቆቅን በይለፍ ቃል የሚያድን ሰው የት አገር አለ? ሸምሱን «ሰው ነው ስትላት ቆቋ ‹ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ› ነው የምትልህ» አልኩት። እኔ እንደሆንኩ ጮኼ አላውቅም። ጨርቁም አያስፈልገኝም፤ የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው፣ ቅንድቤ ድረስ ዱቄት ነኝ።

ሸምሱ ግን ታዛዥ ነው፣ ይጮሃል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ፍየል የጠፋባት ባልቴት ይመስላል። ዛሬ ወፍጮ ቤት ወረፋ ለያዙት ሴቶች አስመስዬ አሳየኋቸው። «ሰው ነውውው፣ ሰው ነውውው።» የወፍጮው ባለቤት እትዬ እማዋይሽ ሳቋ አላቆም ብሏት ቋቱን ተደገፈች። ከሰዓት በኋላ ሸምሱ የእናቱን ስንዴ ተሸክሞ ሲገባ ልጃገረዶቹ በአንድ አፍ «ሰው-ነው መጣ» አሉት። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት የሚያፍራት ልጅም መሀላቸው ነበረች። ጆሮው ቲማቲም መሰለ።

ስም ማውጣት ችሎታ ነው። ቄስ ብሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ክርስትና የሚነሣው እኔ ጋ ነበር።


ኅዳር 1፣ እሑድ

ማኑሄን ተበቀልኩት!

ሲመጣ ጠብቄ ክትክታው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁና ጮህኩለት። ቆመ። ትንሽ ራቅ ብዬ ጮህኩ። ተንበረከከ። ደግሜ ጮህኩ። በሆዱ ተኛና መሳብ ጀመረ፤ በዚያ ሆድ! የኦቦ ዋቅቶላ ላሞች ያደሩበት ላይ አስገባሁት። ትኩስ እበት፣ እስከ አገጩ። እጅጌዬን ነክሼ ነው የሳቅኩት። ሸምሱም ሳቀ፤ ኋላ ግን ጠመንጃውን ዐይቶ ዝም አለ።

ጋሼ ማታ ቤት ስንገባ በጥፊ አጮለኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በጥፊ!

«አንተ የምትጠራው ወፍ አይደለም» አለኝ። «አፈሙዝ ነው።»

እሱ ቀልድ የሚባል ነገር ከጦር ሜዳ ይዞ አልተመለሰም። ጉንጬ አሁንም ይሞቃል። ስለ ማኑሄ እበት የተመታው እኔ ነኝ ማለት ነው።


ኅዳር 8፣ እሑድ

ሸምሱ ዛሬ አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ እንደ ቀበሮ ሮጠ፣ ቀደመኝ፣ አረደ። ነጩን ጨርቅ ኪሱ ከትቶታል። ጋሼ ለምን አልጮህክም ብሎ ጠየቀው። ሸምሱ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አለ።

ደስ አለኝ። በስንት መከራ አራዳ ሆነ።

ቅዳሜ ቅበላ ነው። እሑድ የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና እኛ ቤት ሥጋ የለም። ሸምሱን ከእሑድ ጀምሮ የፉሪ ቆቆች በሙሉ ይሰልማሉ አልኩት። «እናንተ ናችሁ እኮ የምታባርሯቸው» አለኝ። ይችላል አንዳንዴ።

ማኑሄ ዛሬም ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው፣ ድምፅ ከሰማ ይተኩሳል። ጋሼ ሄዶ በእርጋታ አናገረው። እርጋታው ያቃጥለኛል።


ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ቅበላ ነው ተብሎ ሜዳው ሰው በሰው። ከጎፋም፣ ከሳሪስም። ተኩስ እንደ ሠርግ።

ሸምሱን መታው። ማኑሄ። ፊቱን።

ዓይኑን።

ኮቴ ደም ነው። ሆስፒታል እኔን አላስገቡኝም፣ ጋሼ ውስጥ ነው። የወሰደን በፒክአፑ ራሱ ማኑሄ ነው፤ እያለቀሰ ይነዳል። ከኋላ ሆኜ ማጅራቱን በቡጢ መታሁት። መንዳቱን አላቆመም። «ወፍ ነው የሰማሁት፣ ማርያምን፣ ወፍ ነው የሰማሁት» ይላል መንገዱን ሙሉ። ሸምሱ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጓል። እጄን ብቻ ይዞታል።


ኅዳር 15፣ እሑድ ማታ

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ሰው ሁሉ የራሱን እያወራ ነው።

ጋሼ ተኮሰ። ቆቋ ክንፏን ተመትታ ከክትክታው ወዲህ ሳሩ ውስጥ ወደቀች። ሸምሱ ከግራሩ ሥር ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ ሮጠ። አልጮኸም። ጨርቅም አላሰረም። ማኑሄ ከወዲያ በኩል በሆዱ ተኝቶ ነበር። ሳሩ ሲንቀሳቀስ አየና ተኮሰ። ይኸው ነው።

እኔ አብሬው አልሮጥኩም። ክትክታው ውስጥ ነበርኩ።

ሳር ስለተንቀሳቀሰ ይተኮሳል? በሬ ቢሆንስ? የኦቦ ዋቅቶላ ሚስት ጭራሮ ስትለቅም ቢሆንስ? ዓይን የሌለው እሱ ነው፤ የጠፋው ግን የሸምሱ። ለምን በሆዱ እንደተኛ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም አያስፈልግም። ያ ሰው እባብ ነው፣ አካሄዱ ነው።

ጋሼ ከሆስፒታል ሲመለስ ጠመንጃውን ፈታታው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ራት በላህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ከጥፊው ይብሳል። ጥፊ ቢሆን ባለቤቱ ይታወቃል።

ቆቋን ማንም አላረዳትም። እዚያው ሳሩ ውስጥ ስትንፈራገጥ ትተናት ሄድን። በክት ሆና ቀረች። ይኸ ለምን ትዝ ትዝ እንደሚለኝ አላውቅም።


ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ወፍጮ ቤት። ጆሮዬ ገብቶ ነው እንጂ ለእኔ ብለው አልተናገሩትም። እትዬ እማዋይሽ ለአንዷ ሴት «ምስኪን፣ መጮሁን ለምን ተወ ግን?» አለች። ሴትዮዋ «አፍሮ ይሆናላ» አለች።

ሁለቱም ወደ እኔ አላዩም። በጣም ነው ያላዩት።

ቋቱን ሞላሁና ሞተሩን አስነሣሁ። ሞተሩ ከተነሣ ምንም አይሰማም። ጥሩ ሞተር ነው።


ኅዳር 22፣ እሑድ

ግራ ዓይኑ አይመለስም። ሐኪሙ ለእትዬ ዙሌካ ነግሯታል፣ እሷ ለጋሼ፣ ጋሼ ለእኔ። በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከፋሻው በታች ጉንጩ ላይ የጥይቱ እርሳስ የገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

ልጠይቀው ስሄድ ማን አጠገቡ ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ማኑሄ። ብርቱካን እየላጠ። እየላጠ ያጎርሰዋል። ሸምሱ ደግሞ ይበላል! ስለ ፒክአፑ ሞተር ያወራሉ፣ ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን እያሉ። በሩ ላይ ቆሜ ደሜ ፈላ። እትዬ ዙሌካ «ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ያቆምሃል» አለችኝ። እሷም ልጄ ትለኛለች። እሱንም «ልጄ ብላ» ትለዋለች። ይህ ቤት ጠላቱን አያውቅም።

ማኑሄ ሲወጣ ሸምሱን ጮህኩበት። ለምን ታወራዋለህ? ዓይንህን አጥፍቶ ብርቱካን ያጎርስሃል፣ አንተም አፍህን ትከፍታለህ?

«ለመናደድ አንተ አለህልኝ» አለኝ።

ምን ማለቱ ነው? መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። ምን ማለቱ ነው?


ኅዳር 30፣ ሰኞ

ጋሼ ከእንግዲህ ፉሪ እንዳትሄድ አለኝ። ኦቦ ዋቅቶላ ሊያስታርቁ ሽማግሌ ሊሰበስቡ ነው አሉ። እርቅ! ማንን ከማን?

የፉሪውን የድንጋይ ካባ አውቀዋለሁ። አፋፉ ላይ ሣር በቅሎበታል። ሣሩን ብቻ እያየ በሆዱ የሚሳብ ሰው ከሥሩ ገደል እንዳለ አያውቅም።

ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት። ካባ አለ ማለት ወንጀል አይደለም።


ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ማኑሄ ዛሬ ብቻውን መጣ። ካባው ጋ ካለው ድንጋይ ኋላ ነበርኩ። ቡናማውን ኮት ነው የለበስኩት፣ ጨርቅ የለ፣ ምን የለ።

ጮህኩ። ዞረ። ደግሜ ጮህኩ። መጣ። የመጣው ግን በእግሩ ነው፤ አልተኛም፣ አልተሳበም። ከአፋፉ እሩቅ ሳለ ቆመ። ሦስተኛ ስጮህ ጠመንጃውን አነሣና ወደ ድንጋዩ አነጣጠረ።

ድንጋዩ እስከ ትከሻዬ ነው የሚሸፍነኝ። ሁለቱ አፈሙዝ ከሩቅ ምን እንደሚመስሉ አውቄ አላውቅም ነበር። የአሳማ አፍንጫ ይመስላሉ። ይህን ማሰቤ ሳይቀር ይገርመኛል። «ሰው ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ካልኩ ግን ቆቁ ማን እንደነበረ ያውቃል። የዛሬው ቆቅ፣ ማለቴ። ዘጋሁት።

ማኑሄ ጠበቀ።  ከዚያ «ሰው ካለ ይናገር» አለ።

ዝም አልኩ።

«ሰው ካለ ይናገር፣ ስለ እመቤቴ።»

ዝም።

ጠመንጃውን ከወገቡ አጠፈና ጥይቶቹን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ድንጋዩን እያየ ብዙ ቆመ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እንደዚያ ነው የሚሄደው ለካ፤ ያዘነ በሬ ይመስላል።

እንዴት እንደተናደድኩ! አሁን ነው የሚጠነቀቀው? አሁን? ያኔ «ሰው ካለ ይናገር» ቢል ኖሮ... ቢል ኖሮ እናገር ነበር።

እናገር ነበር።


ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

እንቅልፍ የለም። ጋሼ ሱሪዬ ላይ የካባ አቧራ አየ። ዐይቶ ዝም አለ። ቤቱ ሁሉ ዝም ማለት ተምሯል።


ታኅሣሥ 13፣ እሑድ ማታ

ሽማግሌዎች ኦቦ ዋቅቶላ ደጅ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። በአንድ ወገን ማኑሄ፣ በሌላው ሸምሱና እናቱ። እኔና ጋሼ ከሸምሱ ኋላ ቆምን። ሸምሱ ፋሻውን ፈትቶ ጥቁር መነጽር አድርጓል። መነጽሩን ስሰድበው ይስቃል ብዬ ሦስት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም ከአፌ አልወጣም።

ኦቦ ዋቅቶላ መጀመሪያ ማኑሄን ጠየቁት። ለምን ተኮስክ? ማኑሄ ቆመ፣ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። ቆቅ ሲጮህ ሰምቼ እየተከተልኩት ነበር አለ። የጮኸበት ቦታ ላይ ሳሩ ተነቃነቀ፣ ያው ወፍ መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። የሕክምናውን እሸፍናለሁ፣ ከሕክምናው በላይም የምትሉኝን እቀበላለሁ አለ።

አላስቻለኝም። «ውሸት ነው» ብዬ ከኋላ ጮህኩ። «በዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል የሚጮህ ወፍ የለም። የሰማው ነገር የለም።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼም ዞረ። ኦቦ ዋቅቶላ ማኑሄን ተውትና ሸምሱን ጠየቁት። አንተ ልጄ፣ የሰማኸው ወፍ ነበር?

ሸምሱ መሬቱን በዱላ ይጭራል። እትዬ ዙሌካ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም። እኔ ጆሮዬ ውስጥ የወፍጮው ሞተር የተነሣ መሰለኝ።

«ወፍ ነበር» አለ። «እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ለምንስ አልጮህክም አሉት። ትንፋሽ አጥሮኝ ነው አለ።

ማኑሄ አሁንም እንደቆመ ነበር። ያ ወፍ አሁንም አለ አለ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ካባው ጋ ሲጠራኝ ሰማሁት፣ አልተኮስኩም፣ ከእንግዲህም ድምፅ ሰምቼ አልተኩስም፣ በዚህ አስምሉኝ አለ። ሲናገር ወደ እኔ አላየም። ጋሼ ግን አየኝ። ጋሼ እንደዚያ ሲያየኝ እድሜዬን ሁሉ ያየ መሰለኝ።

ማለ። እጅ ተጨባበጡ። ሸምሱ ተነሥቶ በቀኝ ዓይኑ እጁን ፈልጎ ጨበጠው። ሁለት ጊዜ ስቶ ነው የያዘው። ሰዎቹ አላዩ እንደሆን እንጂ እኔ አይቻለሁ።

ከተበተንን በኋላ መንገድ ላይ ያዝኩት። ማን አዘዘህ አልኩት። ማን ወፍ ነበር በል አለህ? እኔ ለምኜሃለሁ? ሰውየውን ነፃ አወጣኸው እኮ!

«እሱን አይደለም» አለኝ።

ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ። ትንሽ ሄጄ ዞር ስል አስፋልቱን ለመሻገር ቆሟል። ታክሲው በየት በኩል እንደሚመጣ ለማየት ራሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ያዞራል፣ እንደ ዶሮ። ተመልሼ አሻገርኩት። 


ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ወፍጮ ቤት አንዲት ልጅ ቆቅ እስቲ አስመስለህ አሳየን አለችኝ። አፌ አሞኛል አልኩ።

ሸምሱም ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ነበር። እንዲሁ ትዝ አለኝ።


ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ዶሮ በላን። ጋሼ ሳጥኑን ከፍቶ ጠመንጃውን ሲገጣጥም አየሁት። ሸምሱ ለምኖት ነው አሉ። እኔን ሳይሆን እሱን ነው የለመነው። ነገ ረቡዕ ነው፣ እኛ አንበላም። ጨረቃዋ ከታየች ዓርብ የእነሱ ሮመዳን ይገባል። ሁለታችንም በቀን ሥጋ የምንበላባት ያለችን ሐሙስ ብቻ ናት። ሐሙስ እንሂድ ብሏል።

እኔ አልሄድም።


ጥር 1፣ ሐሙስ ማታ

ሄድኩ።

ጋሼ ነጩን ጨርቅ ሳይናገር ክንዴ ላይ አሰረልኝ፣ ጥብቅ አድርጎ፣ ደሜ እስኪቆም። ሜዳው ጭር ብሏል፣ ጤፉ ታጭዷል። ነጩ ፒክአፕ ከወዲያ ቆሟል። እንመለስ አልኩ፣ ያ ሰው ባለበት አላድንም። የሰማኝ የለም። ጋሼ ግራሩን ተደግፎ ተቀመጠ። ዛሬ ማንም አልጠራም፤ ቆቅ ራሷ ከመጣች ትምጣ አለ። ብዙ ጠበቅን። መጣች። ተኮሰ።

ከክትክታው ወዲህ ወደቀች። እዚያው ሳር ውስጥ። ክንፏ ሲመታ ይሰማል።

ሸምሱ ካራውን ይዞ ተነሣ፣ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። «አንተ ሩጥ» አለኝ። «እኔ ርቀቱን አልለካውም።»

ሳሩን አየሁት። ከወዲያ ማዶ የማኑሄ ፎጣ ከቁጥቋጦ በላይ ይታያል። ቆቋ እየደከመች ነው። ጋሼ አላዘዘኝም፣ ጠመንጃውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እዚያ ሜዳ ላይ ስንት ዓመት ስጮህ ኖሬአለሁ፤ በራሴ ድምፅ ግን ጮኼ አላውቅም።

ቆምኩ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የምን እንደሆነ እኔም አላውቀው። ፍየል የጠፋባት ባልቴት ሳልሆን አልቀርም። ደገምኩት።

«ሰው ነው! ሰው ነኝ! ቸኮል ነኝ!»

ማኑሄ ከቁጥቋጦው ኋላ ብድግ አለ። ጠመንጃው ታጥፎ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁን ከፍ አደረገ።

«ሰምቻለሁ!» አለ። «እኔም ሰው ነኝ!»

ማን ጠየቀው?

ሮጥኩ። ሳሩ እስከ ጉልበቴ ነው፣ ተንቀሳቀሰ፣ ማንም አልተኮሰም። ቆቋን አነሣኋት። ትሞቃለች፣ ልቧ መዳፌ ላይ ይመታል። ካራዬ ወገቤ ላይ ነው፣ በስመ አብ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ከትናንት ጀምሮ ሥጋ ሥጋ ብሎኛል። ይዣት ዞርኩ። እንደመጣሁት ወደ ግራሩ ሮጥኩ፣ «ሰው ነው፣ ሰው ነው» እያልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እንዳትሞትብኝ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አድርጌ። ነፍሷ ሳይወጣ ሸምሱ እጅ ላይ አስቀመጥኳት።

አየኝ። በአንድ ዓይኑ ከሁለቱ የባሰ ያያል።  ቢስሚላህ አለና አረዳት።

እትዬ ዙሌካ ወጡን ስትሠራ ሽታው እስከ ደጃችን መጣ። እኔ ሽሮዬን በላሁ። ሸምሱ ሲጠግብ መጣና ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ በዚያ ቀጭን ድምፁ ተጣራ።

«ሰው-ነው! አንተ ሰው-ነው!»

እትዬ እማዋይሽ ከነሴቶቿ በአጥሩ በኩል እያለፈች ነበር፣ ሰምታለች። ነገ ወፍጮ ቤቱ በሙሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራኝ። ያወጣሁት እኔ፣ የሚለጠፈው በእኔ። ተናድጃለሁ። በጣም ነው የተናደድኩት።

አቤት ብዬ ወጣሁ።